የግል ደንን ለአጋዘን እንዲመች አድርጎ መያዝ

አሜሪካ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ደን የግል ነው፣ በተለይ ምስራቁ፣ እና ነጭ ጭራ የሚባለው አጋዘን በብዛት የሚኖረው እዛው ስለሆነ ኑሮው በባለመሬቶቹ እጅ ነው ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው ያረጀ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ለአጋዘን ገነት ይመስለዋል ግን አይደለም፣ ትላልቆቹ ዛፎች አናታቸው ገጥሞ ፀሐይ ከከለከሉ ስራቸው ባዶ ይሆናል፣ አጋዘን ደግሞ አንገቱን ዘርግቶም የሚደርሰው ሜትር ተኩል ገደማ ነው፣ ከዛ በላይ ያለው ቅጠል ለሱ የለም በቃ።

ስለዚህ ዋናው ስራ ብርሃን ማስገባት ነው። መጀመሪያ ጥሩ የሚያፈሩት ኦኮች፣ ማለትም ፍሬያቸውን አጋዘን የሚበላው ትልልቅ ዛፎች፣ ተመርጠው ምልክት ይደረግባቸዋል፣ ከዛ ዙሪያቸውን የሚሻሟቸው ዛፎች ይቆረጡና ኦኩ አናቱ እየሰፋ ፍሬው ይጨምራል። የነጭ ኦክ ፍሬ በአንድ ዓመት ይደርሳል፣ ታኒኑ ማለትም እንዲመር የሚያደርገው ነገር ስለሚያንስ አጋዘን እሱን ያስቀድማል፣ ቀይ ኦክ ሁለት ዓመት ይፈጅበታል ፍሬውም ይመራል፣ ቢሆንም አንዱ ሳያፈራ ሲቀር ሌላው ስለሚደርስ ሁለቱንም መያዝ ነው የሚሻለው።

ሌላ ጋ ደግሞ ትንንሽ ቦታዎች ሙሉ በሙሉ ይመነጠራሉ፣ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው ለምለም ነገር ምግብም ነው መደበቂያም ነው፣ ግልገሎች ግንቦትና ሰኔ ላይ ሲወለዱ እናቶቻቸው እንዲህ ያለ ሽፋን ውስጥ ያስተኟቸዋል። ግን አስር ዓመት አካባቢ ሲሆነው ከአፋቸው በላይ ያድጋል፣ ለዛ ነው ደኑን ከፋፍሎ በተራ በተራ መቁረጥ የሚያስፈልገው። መጤ ቁጥቋጦ ካለ ከቆረጣው በፊት መንቀል ግድ ነው፣ አለዚያ ብርሃኑን የሚጠቀምበት እሱ ነው። ሰሜን በረዶ ያለበት አገር ሄምሎክና ነጭ ሴዳር የሚባሉት ቅጠላቸው በክረምት የማይረግፍ ዛፎች አይነኩም፣ በረዶውን ቅርንጫፋቸው ላይ ይዘው ነፋስ ስለሚከልሉ አጋዘኖቹ ክረምቱን የሚያልፉት እነሱ ስር ነው።

ክሎቨር የሚባለውን የግጦሽ ተክል መዝራት ይረዳል፣ አፈሩን አስመርምሮ ኖራ ከተጨመረበት ማለቴ ነው፣ ግን በኔ እይታ ሰዉ ከመጋዝ ይልቅ ለዘር ብዙ ብር ያወጣል። በቆሎ ማፍሰስ ግን ባይለመድ ደስ ይለኛል፣ በክረምት ድንገት እህል የበላ አጋዘን ጨጓራው አሲድ ሞልቶት ሊሞት ይችላል፣ በዛ ላይ አንድ ቦታ ሲሰበሰቡ በ1967 ኮሎራዶ ውስጥ መጀመሪያ የታየው፣ አንጎል የሚያበላሸውና መድኃኒት የሌለው በሽታ በቀላሉ ይተላለፋል፣ ብዙ ስቴቶች መመገብን የከለከሉት ወይ የገደቡት ለዚህም ነው።

ቁጥራቸው ከበዛ ደግሞ ይሄ ሁሉ ልፋት በችግኝነቱ ይበላል። ትንሽ ቦታ በአጥር ከልሎ ውስጡንና ውጪውን ማወዳደር ጫናውን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፣ ከዛ ስቴቱ በሚፈቅደው ልክ ሴቶቹን ጭምር ማደን ይመጣል። አንድ አጋዘን የሚንቀሳቀስበት ቦታ እስከ 260 ሄክታር ሊደርስ ይችላል፣ የብዙ ባለመሬት ድርሻ ደግሞ ከዛ በጣም ያንሳል፣ ስለዚህ ጎረቤታሞች ተስማምተው ቆረጣውንም አደኑንም አብረው ያቅዳሉ።