ለትርፍ ያልተቋቋመ የዜና ተቋም ምንድን ነው? ገንዘብ ቢተርፈውስ?

«ለትርፍ አልቆምንም ይላሉ፤ ሒሳባቸው ሲታይ ግን ከወጪያቸው በላይ ገቢ አላቸው። ነቅተናል!» እንዲህ የሚል አስተያየት በየጊዜው አነባለሁ። በተለይ የሚወረወረው የሴቶችን ጉዳይ በሚዘግቡ የአሜሪካ የዜና ተቋማት ላይ ነው። ከሥሩ ሌላው ይቀበላል፤ «ገንዘቡ የለጋሽ ከሆነ ዜናውም የለጋሹ ነው።» እኔ እንጀራዬ የእንዲህ ዓይነት ድርጅቶችን ሒሳብ መመርመር ነው። ሰው ሁሉ ሒሳብ ይወቅ አልልም። ግን ሒሳብ ጠቅሶ የሚሳደብ ሰው የጠቀሰውን ገጽ ቢያነበው ምን አለበት?

ከትርፉ ልጀምር። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የአሜሪካ ሕግ እነዚህን ተቋማት አታትርፉ አይልም። አትከፋፈሉ ነው የሚለው። ዓመቱ ሲዘጋ ገንዘብ ከተረፈ የሚወስደው ባለቤት የለም፤ ባለአክሲዮንም የለም። የቦርድ አባላት አይቃረጡትም። የተረፈው ለቀጣዩ ዓመት ሥራ ይውላል። ተቋሙ ቢዘጋ እንኳ የቀረው ንብረት ወደ ሌላ የበጎ አድራጎት ዓላማ ይሄዳል እንጂ መሥራቾቹ ኪስ አይገባም። ደመወዝ ይከፈላል፣ አዎ። ጋዜጠኛም የቤት ኪራይ አለበት።

እንዲያውም እኔን የሚያስጨንቀኝ ምንም ያልተረፈው ነው። የጥቂት ወር ደመወዝ በመጠባበቂያ ያልያዘ የዜና ክፍል አንድ ለጋሽ ሲዘገይበት ሰው ማሰናበት ይጀምራል።

ደግሞ ያ «ትርፍ» የተባለው ቁጥር ብዙ ጊዜ ትርፍም አይደለም። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። አንድ ፋውንዴሽን፣ ማለትም ገንዘብ የሚለግስ ድርጅት፣ በታኅሣሥ ወር ደብዳቤ ጻፈ እንበል። «ለሦስት ዓመት በየዓመቱ 300,000 ዶላር እንሰጣችኋለን» ይላል። ቅድመ ሁኔታ የለውም። በአሜሪካ የሒሳብ አያያዝ ደንብ መሠረት 900,000 ዶላሩ በሙሉ የሚመዘገበው ቃሉ በተሰጠበት ዓመት ነው። ብሩ ባንክ ባይገባም ገቢ ነው። (ለወደፊት የሚከፈለው ወደ ዛሬ ዋጋው ተቀንሶ ይያዛል፤ ሥራ ባልደረቦቼ እንዳይጮሁብኝ ነው ይህን የምጨምረው።) ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ሒሳቡ ጠግቦ ይታያል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ከዚያ ፈንድ አዲስ ገቢ አይመዘገብም፤ ወጪው ግን ይቀጥላል። ወረቀቱ ላይ ተቋሙ የከሰረ ይመስላል። የመጀመሪያውን ዓመት ፎቶ አንስቶ «ዘረፉ» ያለው ሰው የሁለተኛውን ቢያይ «ወደቁ» ሊል ነው። ሁለቱም ጊዜ የሆነ ነገር የለም።

ፈንዱ ቅድመ ሁኔታ ካለውስ? «ይህን ያህል ከሠራችሁ ብቻ፣ ካልሠራችሁ ትመልሳላችሁ» የሚል ከሆነ ሁኔታው እስኪሟላ ገቢ አይባልም። ስለዚህ አጠቃላይ ገቢው ላይ ከማፍጠጥ አንድ መስመር ወረድ ብሎ ማየት ይሻላል። የተጣራ ሀብቱ (ካለው ላይ ዕዳው ሲቀነስ የሚቀረው) በሁለት ተከፍሎ ይጻፋል፤ ለጋሹ «ለዚህ ሥራ ወይም ለዚህ ጊዜ ብቻ» ብሎ ያሰረውና ያላሰረው ተብሎ። የታሰረው ሚሊዮን ሊሆን ይችላል። ተቋሙ ግን በእሱ የመብራት መክፈል ላይችል ይችላል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክስ ልምጣ፤ «ዜናው የለጋሹ ነው» ወደሚለው።

ኮንትራት ታክሲ የያዘ ሰው «እዚህ ጋ ታጠፍ፣ እዚያ ቁም» ይላል። መብቱ ነው፣ ሙሉውን ከፍሏል። አውቶቡስ የተሳፈረ ግን ቢከፍልም መስመር አያስቀይርም። መስመሩ ግንባሩ ላይ ተጽፏል። ደህና የዜና ተቋም አውቶቡስ ነው፤ ለጋሾቹ ከፋይ ተሳፋሪዎች ናቸው። የከፋዩ ቁጥር በበዛ መጠን የአንዱ ማኩረፍ ሹፌሩን አያስደነግጠውም። ሆኖም አንዱ ሰው ብቻውን አብዛኛውን ወንበር ከያዘስ? «ታጠፍ» ብሎ ላያዝ ይችላል። ሹፌሩ ግን በመስታወቱ ፊቱን እያየ ነው የሚነዳው። ሰውዬው የወረደ ቀን ደግሞ አውቶቡሱ ይቆማል። ሌላ ዓይነት ከፋይም አለ፤ «ወደዚያ ሰፈር አዲስ መስመር ክፈቱ፣ ነዳጁን እኔ እችላለሁ» የሚል። ማን እንደሚሳፈርና የት እንደሚቆም አይወስንም። መስመሩ የተከፈተው ግን እሱ ስለከፈለ ነው። ያለፈለት ሰፈር አውቶቡስ ያገኛል፣ ሌላው በእግሩ ይሄዳል። ምሳሌዬ ከዚህ በላይ ሲጎተት ይበጠሳል፤ ምክንያቱም በዚህ አውቶቡስ አብዛኛው ሰው የሚጓዘው በነጻ ነው።

ዘ ናይንቲንዝን ውሰዱ። በ2020 ሥራ የጀመረ፣ ኦስቲን ቴክሳስ ላይ የተመሠረተ፣ የሴቶችን ጉዳይ የሚዘግብ የዜና ተቋም ነው። ኤሚሊ ራምሾና አማንዳ ዛሞራ ናቸው ያቋቋሙት፤ ሁለቱም ቀድሞ የሠሩት ቴክሳስ ትሪቢዩን የሚባል ሌላ ለትርፍ ያልቆመ የዜና ተቋም ውስጥ ነው። ስሙን የወሰደው በ1920 በጾታ ምክንያት የመምረጥ መብት እንዳይከለከል ካደረገው ከ19ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። አርማው ላይ ኮከብ ምልክት (*) አለ፤ «መብቱ ለሁሉም አልደረሰም» ለማለት። በደቡብ ግዛቶች ብዙ ጥቁር ሴቶች እስከ 1965ቱ የምርጫ መብት ሕግ ድረስ በተግባር መምረጥ ስላልቻሉ ነው። ዘገባው ለማንበብ አይከፈልበትም፤ ሌሎች ሚዲያዎችም በነጻ መልሰው ያትሙታል። ገንዘቡ የሚመጣው ከፋውንዴሽኖች፣ ከትልልቅ የግል ለጋሾች፣ ጥቂት ጥቂት ከሚያዋጡ አባላትና ከስፖንሰሮች ነው።

አስተያየት ሰጪው ይህን ሲሰማ «ታዲያ ማስታወቂያ ሸጠው ራሳቸውን አይችሉም?» ይላል። የሴቶች ሚዲያ ታሪክን ቢያውቅ እንዲህ አይቀልለውም ነበር። ሚዝ የተባለው መጽሔት በ1990 ያለ ማስታወቂያ እንደገና ሲጀምር ከመሥራቾቹ አንዷ ግሎሪያ ስታይነም ማስታወቂያ አስነጋሪዎች ምን ይጠይቁ እንደነበር ዘርዝራ ጽፋለች። የመዋቢያ ዕቃ አምራቹ ስለ ውበት የሚያሞግስ ጽሑፍ ይፈልጋል። የምግብ ድርጅቱ የምግብ አሠራር ገጽ ይፈልጋል። ስለ ደመወዝ ልዩነት የሚጽፍ ገጽ አጠገብ ሻምፑውን ማስቀመጥ የሚፈልግ አልበዛም። እና ከአስነጋሪ የመጣ ገንዘብ ንጹሕ፣ ከፋውንዴሽን የመጣው ቆሻሻ የሚያደርገው ምንድን ነው? ሁለቱም ከፋይ ናቸው። ጥያቄው በምን ውል ከፈሉ የሚለው ነው።

በነገራችን ላይ ሚዝን ከ2001 ጀምሮ የሚያሳትመው ፌሚኒስት ማጆሪቲ ፋውንዴሽን ነው፤ የሴቶችን መብት የሚሟገት ድርጅት። ይህን አይደብቁም፣ ነውርም የለበትም። ግን የተሟጋች ድርጅት መጽሔትና የዜና ክፍል አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጡም። ሁለቱም ግብር የማይከፍሉ ሊሆኑ ይችላሉ። አንድ ከረጢት ውስጥ የሚከታቸው ያ ብቻ ነው። «ለሴት ዕጩ ቅስቀሳ ያደርጋሉ» የሚለው ሌላው የአስተያየት ሰጪዎች ክስም እንዲሁ የተቀላቀለ ነው። እንዲህ ያሉ የዜና ተቋማት በሚመደቡበት፣ በግብር ሕጉ 501(ሲ)(3) በሚባለው ክፍል ያለ ድርጅት ዕጩ መደገፍም መቃወምም አይችልም። ሶልት ሌክ ትሪቢዩን የተባለው ጋዜጣ በ2019 ወደዚህ ሥርዓት ሲገባ ዕጩ መደገፉን ማቆም ነበረበት።

እውነተኛው ችግር ያለው ሌላ ቦታ ነው። አስተያየት ሰጪዎቹ አንድም ቀን ሲያነሱት አላየሁም። ፋውንዴሽኖች ገንዘባቸውን በየዘርፉ ከፍለው ይይዛሉ። የእናቶች ጤና አንድ ዴስክ፣ ጾታዊ ጥቃት አንድ ዴስክ፣ የልጃገረዶች ትምህርት አንድ ዴስክ። የዜና ክፍሉ ፈንድ ሲጠይቅ በእነዚያ በሮች ነው የሚገባው። በመጨረሻ ስለ እናቶች ጤና የሚጽፍ ሙሉ ደመወዝ ያለው ጋዜጠኛ ይኖራል። ስለ ሴቶች ጡረታ፣ ስለ ቤት ሠራተኞች ያልተከፈለ ደመወዝ፣ ስለ ከተማ ምክር ቤት በጀት የሚጽፍ ግን አይኖርም። ማንም ለኤዲተሯ ስልክ አልደወለም። ማንም «ይህን አትጻፉ» አላለም። ግን የሰዓት መቆጣጠሪያ ቅጹ ላይ ጋዜጠኛዋ ከሳምንቷ ምን ያህሉን በየትኛው ፈንድ እንደሠራች ትሞላለች። የጡረታው ታሪክ የሚሞላበት ሳጥን የለም። በትርፍ ጊዜዋ ትጽፈዋለች፤ ትርፍ ጊዜ ካላት። እኔ ያንን ቅጽ ነው የማየው፤ ከዓመት ሪፖርቱ ፎቶዎች ይልቅ እሱ ብዙ ይናገራል።

እነዚህ ተቋማት ለምን አስፈለጉ የሚል ካለ አንድ ቁጥር ይበቃዋል። የዓለም የሚዲያ ክትትል ፕሮጀክት የሚባል ጥናት በ1995 ሲጀመር በዜና ውስጥ ከሚታዩና ድምፃቸው ከሚሰማ ሰዎች ሴቶቹ 17 በመቶ ነበሩ። በ2020 የደረሱት 25 በመቶ ነው። ሩብ ምዕተ ዓመት ሙሉ የታረመው ስምንት በመቶ ነጥብ ነው።

አሁን ወደ ግልጽነቱ። ሕጉ ድርጅቶቹን በየዓመቱ ቅጽ 990 ያስሞላቸዋል፤ ማንም ጠይቆ ማየት ይችላል። የኃላፊዎች ደመወዝ በስም ተጽፎበታል። የለጋሾች ስም ያለበት «ስኬጁል ቢ» የሚባለው አባሪ ግን ለሕዝብ ሲወጣ ስሞቹ ይሸፈናሉ። ስለዚህ «ስም ደብቀዋል» ብሎ በቅጹ መክሰስ አይሠራም፤ ሕጉ ራሱ ነው የፈቀደው። ስሞቹን የሚያወጣው የሙያው ደንብ ነው። ለትርፍ ያልቆሙ የዜና ተቋማት ማኅበር፣ በ2009 የተመሠረተው፣ አባሎቹን በዓመት 5,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የሰጡ ለጋሾችን በስም እንዲያሳውቁ ያዛል። ዝርዝሩ ከሌለ መጠርጠር ይቻላል። ካለ ደግሞ ማንበብ ነው።

ሕጉ ስለ ስብጥርም ይጨነቃል። የሕዝብ ድጋፍ ፈተና የሚባል አለ፤ በአምስት ዓመት ሲሰላ ከድጋፉ ቢያንስ ሲሶው ከሕዝብ መምጣት አለበት። አንድ ትልቅ ለጋሽ የሰጠው ከጠቅላላው ድጋፍ ከ2 በመቶ በላይ ከሆነ ከ2 በመቶው ያለፈው ለዚህ ስሌት እንደ ሕዝብ ድጋፍ አይቆጠርም። (ከመንግሥትና በሕዝብ ድጋፍ ከሚኖሩ ሌሎች የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የመጣ ግን በሙሉ ይቆጠራል፤ ሲሶው ባይሞላም በ10 በመቶ የሚታለፍበት ሌላ መንገድ አለ። የእኛ ሙያ «ግን» አያልቅበትም።) አንድ ሀብታም ብቻውን የሚያኖረው ተቋም ውሎ አድሮ የግል ፋውንዴሽን ተብሎ ሊመደብ ይችላል፤ ያ ደግሞ ብዙ ጣጣ አለው።

ወዳጄ፣ አሁንም መክሰስ ከፈለግህ መንገዱን ላሳይህ። በኦዲት የተረጋገጠ ሒሳብ ካላቸው አውርደው። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ተዋቸው። ከኋላ ያሉትን ማብራሪያዎች ግለጥና ስለ ገቢ መከማቸት የሚናገረውን ፈልግ። ጥቂት ለጋሾች የገቢውን ትልቅ ድርሻ ከሰጡ ኦዲተሩ እዚያ ያስጽፈዋል። «ሁለት ለጋሾች ከገቢው 70 በመቶውን ሰጥተዋል» የሚል ካገኘህ፣ ለጋሾቹም የሚያተኩሩበትን ዘርፍ ካየህ፣ ከዚያ የዓመቱን ዘገባዎች አጠገቡ አስቀምጠህ ጻፍ። ያንን ጽሑፍ እኔም አነበዋለሁ።