የሰሜን ሸዋ የገበሬ ማህበር አዳራሽ፦ ታሪኩና አሰራሩ

የገበሬ ማህበር አዳራሽ፣ ባሁኑ አጠራር የቀበሌ አዳራሽ፣ በመንዝ፣ በተጉለት፣ በአንኮበርና በጣርማበር ገጠር ከቤተክርስቲያንና ከትምህርት ቤት ቀጥሎ ህዝብ ሚሰበሰብበት ቤት ነው። ስሙ ከተቀየረ ስንት ዘመኑ፣ ትላልቆቹ ግን ዛሬም "ገበሬ ማህበር ስብሰባ አለ" ነው ሚሉት።

ድሮ አዳራሽ ሲባል የጌታ ቤት፣ ግብር ሚበላበት ነበር፣ አንኮበር ላይ እንደነበረው የነገሥታቱ አዳራሽ ማለት ነው። ገበሬው ጉዳዩን ሚጨርሰው ዛፍ ስር ወይ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ነበር።

ለገበሬው የራሱን አዳራሽ ያመጣለት የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 ነው። አዋጁ መሬትን የህዝብ ሀብት አደረገ፣ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ ከለከለ፣ ቢያንስ 800 ሄክታር ማለትም 20 ጋሻ ላይ ያለ ገበሬ በማህበር ይደራጅ አለ። መንዝ ርስት አገር ስለሆነ ለውጡ እንደ ደቡቡ ጭሰኛን ከባለመሬት ሚያላቅቅ ብቻ አልነበረም፣ የጓሳን፣ የመንዝን ደጋ፣ ሳር በየስንት ዓመቱ እየዘጋና እየከፈተ ለዘመናት ጠብቆ ያቆየው ቄሮ ሚባለው የአገሩ ስርዓትም ያኔ ነው የፈረሰው፣ ሳሩም በዙሪያው ባሉት ገበሬ ማህበራት እጅ ገባ። ይሄ ትልቅ ጉዳት ነበር።

በ1968 አዋጅ ቁጥር 71 ለማህበራቱ ህጋዊ ሰውነትና የፍርድ ሸንጎ ሲያጠናክርላቸው አዳራሹም ፍርድ ቤት ሆነ፣ የድንበር ክርክር፣ የሰብል መበላት፣ ስድብ ሁሉ እዛው ይታይ ነበር። ከሐምሌ 1971 ጀምሮ ደሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጣ፣ ከእርሻ የተመለሰ ሽማግሌ ከልጅ ልጁ እኩል ተቀምጦ ሀ ሁ ሲቆጥር ነበር፣ ስሙን መፈረም ያወቀው እዛ የሆነ ሰው ብዙ ነው። ግን ገበሬው ለመንግስት ሚያስገባው የእህል ኮታ ሚነገረውም፣ ከ1975 በኋላ ለብሔራዊ ውትድርና ልጅ ሚመለመለውም በዚሁ በገበሬ ማህበሩ በኩል ስለነበር አዳራሹን በክፉ ሚያስታውሱ እናቶች አሉ፣ እውነታቸውን ነው።

አሰራሩ እንደ አየሩ ይለያያል። ደጋው ላይ ግድግዳው ጥቁር ድንጋይ በጭቃ የተካበ ነው፣ የመንዝ ድንጋይ ካቢ ደሞ እጁ የታወቀ ነው፣ ጠርዙን በመዶሻ እያስተካከለ፣ ክፍተቱን በጠጠር እየሞላ ሲያስቀምጠው ግድግዳው ሳይዛነፍ ይቆማል። ወደ ቆላው፣ ወደ ቀወት ስትወርዱ እንጨት ይቆማል፣ ማገር ይመታል፣ ከዛ ጭድ ተቀላቅሎ በተቦካ ጭቃ ይመረጋል። ምሰሶና ወራጁ ባህር ዛፍ ነው። የደጋ መኖሪያ ቤት በጓሳ ሳር ሲከደን አዳራሹ በብዛት ቆርቆሮ ነው፣ ቅርጹም እንደ ጎጆ ክብ ሳይሆን ረዘም ያለ አራት ማዕዘን። መስኮቱ ለብርዱ ተብሎ ትንንሽ ስለሚደረግ ውስጡ ይጨልማል፣ ለዛም ነው ፀሐይ ከወጣች ስብሰባው ደጅ ሚሆነው። ድንጋዩን ተሸክሞ፣ ጭቃውን አቡክቶ ያቆመው አብዛኛውን ጊዜ የአገሩ ሰው በደቦ ነው።

ከ1983 በኋላ አዳራሾቹ ለቀበሌ አስተዳደር ሆኑ። በ1989 በአማራ ክልል መሬት ሲሸነሸን በደርግ ጊዜ የማህበር አመራር የነበሩ ሰዎች "ቢሮክራሲ" ተብለው መሬታቸው ተቀንሷል፣ ፍትሃዊ ነው የሚሉ አሉ፣ በቀል ነው የሚሉም አሉ፣ ከቀድሞ አመራሮቹ ብዙዎቹ ራሳቸው ደሃ ገበሬዎች እንደነበሩ ግን መካድ አይቻልም። አሁን የማዳበሪያ ምዝገባ፣ ክትባት፣ የመሬት ደብተር፣ እንደ መንዝ ባሉ ወረዳዎች ደሞ ከ1997 ጀምሮ የሴፍቲኔት፣ ማለትም ምግብ ለሚያጥረው ቤተሰብ ሚሰጠው እርዳታ፣ ምልመላ ይካሄድበታል።