ኦ ፖዘቲቭ ለምን ቶሎ ያልቃል? የደም ዓይነትና ለጋሾች በአዲስ አበባ

ስታዲየም አካባቢ ደም ሊሰጡ ገብተው «የደም ዓይነትዎ?» ሲባሉ ትከሻቸውን የሚሰብቁ ብዙ ናቸው። መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው ምናልባት ያውቅ ይሆናል። ሌላው የሚያውቀው ከሰጠ በኋላ ነው።

የደም ባንኩን እ.ኤ.አ. በ1969 ያቋቋመው ቀይ መስቀል ነው፤ በኋላ ወደ ጤና ሚኒስቴር ተዛውሯል። ከ18 እስከ 65 ዓመት የሆነና ከ45 ኪሎ የማያንስ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላል።

ዓይነቱን መለየት ሙያ እንጂ ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። ነጭ ሰሌዳ ላይ ሦስት ጠብታ ደም ይቀመጣል። አንዱ ላይ ሰማያዊ፣ አንዱ ላይ ቢጫ፣ አንዱ ላይ ቀለም አልባ ፈሳሽ ጠብ ተደርጎ ይበጠበጣል። ሰማያዊው ላይ ብቻ ከጓጎለ ኤ፣ ቢጫው ላይ ብቻ ከጓጎለ ቢ፣ ሁለቱም ላይ ከጓጎለ ኤቢ ነው። ሁለቱም ዝም ካሉ ኦ። ሦስተኛው ከጓጎለ ፖዘቲቭ፣ ካልጓጎለ ኔጌቲቭ። ኤ፣ ቢ እና ኦን የለየው ኦስትሪያዊው ካርል ላንድስታይነር ነው። በየዓመቱ ሰኔ 7 የሚከበረው የዓለም ደም ለጋሾች ቀንም የእሱ ልደት ነው።

እዚህ ከተማ ከአሥር ለጋሽ አራቱ ገደማ ኦ ነው። ኤ ይከተላል፣ ከአሥር ሦስት ያህል። ቢ ከአምስት ሰው አንዱ ላይ ይገኛል፤ አውሮፓ ውስጥ ግን ከአሥር አንድ አካባቢ ነው። ኤቢ ጥቂት ነው። ኔጌቲቭ የሆነው ከመቶ ከአሥር በታች ሲሆን አውሮፓውያን ዘንድ 15 ገደማ ይደርሳል። ኤቢ ኔጌቲቭ ከሆንክ እንግዲህ፣ ሁለት መቶ ሰው በሚይዝ አዳራሽ ውስጥ ቢጤህ ቢገኝ አንድ ነው።

ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ሁሌ የምናነበው «የኦ ኔጌቲቭ ያለህ!» የሚል ጥሪ ነው። እውነት ነው፣ ቀይ የደም ሴሉ ለማንም ይሆናል፣ እሱ ግን ከራሱ ዓይነት በቀር አይቀበልም። ብዙም የማይወራለት ኦ ፖዘቲቭ ነው። ለጋሹ ብዙ ነው፣ ግን ታማሚውም ያው ሕዝብ ነውና ፈላጊውም የዚያኑ ያህል ነው። በዚያ ላይ ለኤ፣ ለቢና ለኤቢ ፖዘቲቭ ሁሉ ይሆናል። የራሳቸው ዓይነት ሲጠፋ ፍሪጁ ውስጥ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። ስለዚህ «የኔ ዓይነት ሞልቷል» ብሎ የሚቀር ኦ ፖዘቲቭ ሂሳቡን ተሳስቷል።

ኔጌቲቭነት ሌላ መዘዝ አለው። ድሮ ልጅ እየሞተባት የምትቸገር እናት «ሾተላይ አለባት» ይባል ነበር። ዛሬ ሐኪሞችም ቃሉን ይጠቀሙበታል፤ ኔጌቲቭ እናት ፖዘቲቭ ልጅ ስታረግዝ የሚመጣውን ችግር ለመግለጽ። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፣ የሚጎዳው ተከታዩ ነው። ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ይከላከለዋል።

ደሙ ዓይነቱ ምንም ቢሆን አይቆይም። ደም እንዲረጋ የሚረዳው የደም ክፍል፣ ፕላትሌት፣ አምስት ቀን፣ ቀይ የደም ሴል በተለመደው ከረጢት 35 ቀን ነው። ከለጋሹ ብዙው ደግሞ ተማሪ ነው፤ ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይቀንሳል። በሁዳዴና በረመዳንም እንዲሁ። ተማሪው በሰኔ መጨረሻ የሰጠው ቀይ ደም ነሐሴ አጋማሽ ላይ አይደርስም።