«ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው»

ይህን አባባል ወሎ ውስጥ ይበልጥ የምንሰማው ሽምግልና ላይ ነው። የተጣሉ ቤተሰቦች እሺ ካሉ እርቁ ሳያድር ይለቅ፣ ልጅ ለመስጠት ቃል ከተገባም የሰርጉ ቀን ዛሬውኑ ይቆረጥ ሲባል ይጠቀሳል። ምቹ ጊዜ ሲገኝ ሥራን ማሳደር አይገባም ማለት ነው። እኔ እንደማየው ግን አባባሉ ከተወለደበት ሙያ የወሰድነው ግማሹን ብቻ ነው።

ቀጥቃጭ ማረሻ ሊያሾል ሲነሳ ወናፉን ያስነፋና ብረቱን ፍሙ ውስጥ ይቀብረዋል። ሙቀቱን የሚለካው በዓይኑ ነው። ብረት በ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ደብዛዛ ቀይ፣ ወደ 900 ሲጠጋ ብርቱካንማ፣ 1,100 ገደማ ሲደርስ ቢጫ ይሆናል። የቀጥቃጭ ቤት ጨለም ማለቱ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው፤ ፀሐይ ላይ ቀለሙ በደንብ አይለይም።

ንጹህ ብረት 912 ዲግሪን ሲያልፍ የአቶሞቹ አደራደር ራሱ ይለወጣል፤ ካርቦን ሲቀላቀልበት ለውጡ ዝቅ ባለ ሙቀት ይጀምራል። በዚህ ግለት ላይ ብረቱ ለመዶሻ እሺ ይላል፤ ምቱ ያዛባው ውስጡም ወዲያው ይታደሳል። ከቀዘቀዘ በኋላ የሚያርፍበት ምት ግን እያደረቀው ይሄዳል፤ መጨረሻው ስንጥቅ ነው። ከልክ ያለፈ ግለትም ያጠፋዋል። ነጭ ሆኖ ፍንጣሪ መርጨት ከጀመረ ተቃጥሏል፤ ያ ጫፍ ተቆርጦ ይጣላል።

ደግሞም ማረሻ በአንድ ግለት አያልቅም። ከእሳት ወጥቶ መስፍ ላይ ሲያርፍ ጥቂት ምት ይቀምሳል፣ ጥቁር ቅርፊቱ ይረግፋል፣ ቅላቱ ይከስማል፤ ያኔ በጉጠት ተይዞ ወደ ፍሙ ይመለሳል። አባባሉን ለጥድፊያ ብቻ የሚጠቅሱ ሰዎች የሚረሱት ይህን መመለስ ነው። የበሰሉ አባጋሮች፣ ማለትም የወሎ የእርቅ ሽማግሌዎች፣ ግን ያውቁታል፤ ነገሩ ከበረደባቸው በግድ አይገፉትም፣ ቀን ቀጥረው፣ ዱአ አድርገው እንደገና ይቀመጣሉ።

ቅርጹ ካለቀ በኋላም ሥራ አለ። ከመኪና ባሌስትራ የተሠራ ቢላ እንደጋለ ውሃ ሲጠጣ ካርቦኑ መውጫ አጥቶ ውስጥ ይታሰራል፤ ስለቱ የሚጠነክረው በዚህ ነው። እንዲሁ ከተተወ ግን እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ስለዚህ ጥቂት መቶ ዲግሪ ድረስ መልሶ ማሞቅ ያስፈልጋል። ባቲ የሰኞ ገበያ ላይ ቢላ የሚገዛ ሰው ዋጋ የሚከፍለው ለዚህ ብልሃት ጭምር ነው።

መቅደላ አምባ ላይ ያለው የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ፣ ሴባስቶፖል፣ ከዚህ አባባል ውጭ ነው። መድፉ በተሠራበት ጋፋት ላይ ብረታ ብረቱ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ፈሰሰ እንጂ ተቀጥቅጦ አልተሠራም።

የሚያሳዝነኝ፣ አባባሉን ለሽምግልናችን ጌጥ ስናደርግ ባለቤቶቹን «ቀጥቃጭ» እያልን ስንሰድብ መኖራችን ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። ማረሻውም፣ ማጭዱም፣ ምሳሩም ያኔም ሆነ ዛሬ የሚወጣው ከእነዚሁ ሰዎች እጅ ነው።