ስለ ቃኘው ዘማቾች ሜዳሊያ በስህተት የሚነገሩ ነገሮች

ቃኘው በተባለው የኢትዮጵያ ሻለቃ በኮሪያ ጦርነት የተሰለፉ ዘማቾች ሜዳሊያዎች ዛሬ በአብዛኛው ልጆችና የልጅ ልጆች እጅ ናቸው። ምንነታቸው በትክክል ካልታወቀ በርካሽ ይሸጣሉ፣ ወይም በጽዳት ይበላሻሉ።

«የጀግንነት ሽልማት ነው»
በብዛት የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳሊያ የአገልግሎት ሜዳሊያ ነው። ጠቅላላ ጉባኤው ያቋቋመው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 1950 ነው። ክብ፣ ከነሐስ ቅይጥ የተሠራ፣ ስፋቱ 36 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን ሪባኑ 17 ቀጫጭን ሰማያዊና ነጭ መስመሮች አሉት። ግንባር የተኮሰውም ስንቅ ያቀበለውም እኩል ይይዘዋል፤ ተገቢም ነው።

«አማርኛ ስለተጻፈበት አገር ቤት የተሠራ ቅጂ ነው»
ከሁሉም የሚያስቆጨው ስህተት ይህ ነው። ሜዳሊያው ለዘማች አገሮች በየቋንቋቸው ተዘጋጅቷል፤ ቱርክኛ፣ ግሪክኛ፣ ታይኛ፣ አማርኛም አለ። የጀርባው ጽሑፍ የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር መርሆዎች ለመከላከል ለተሰጠ አገልግሎት መሆኑን ይናገራል። የባለቤቱ ስም አለመኖሩም ሐሰተኛ አያሰኘውም፤ ጠርዙ ላይ ስም መቅረጽ የአንዳንድ የኮመንዌልዝ አገሮች ልማድ ነበር። አንጥረኛ ዘንድ ወስዶ ስም ማስቀረጽ ታሪካዊ ዋጋውን ይቀንሳል። ስሙን፣ ማዕረጉንና የዘመተበትን ሻለቃ በወረቀት ጽፎ ከፎቶውና ከወታደራዊ ሰነዱ ጋር ማስቀመጥ ይሻላል።

«ተኩስ ከቆመ በኋላ የነበረ አይገባውም»
ተኩስ የቆመው እ.ኤ.አ. ጁላይ 27 ቀን 1953 ነው፤ ለሜዳሊያው የሚቆጠረው ጊዜ ግን እስከ ጁላይ 27 ቀን 1954 ይደርሳል።

«የሰላም አምባሳደር ሜዳሊያም ያው ነው»
ይህኛው ጦርነቱ ካበቃ ከብዙ ዓመታት በኋላ የደቡብ ኮሪያ መንግሥት ለምስጋና የሚሰጠው መታሰቢያ ነው። ጡረታ አያስከትልም።

በወርቃማ ክፈፍ የታጠረ፣ ምንም ያልተንጠለጠለበት ሰማያዊ ሪባን ከተገኘም ሜዳሊያው የጠፋበት እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ለአንድ የጦር ክፍል በጅምላ የሚሰጠው የምስጋና ምልክት እንዲህ ያለ ነው፤ የቃኘው ሻለቃም ተሸልሞበታል።

«ማብረቅረቅ አለበት»
ጥቁር ቡኒ ሽፋኑ ከዕድሜ የመጣ ነው፤ ብረቱንም ይጠብቃል። ሎሚ ሽፋኑን በልቶ ነሐሱን ቀይ ያደርገዋል፣ አመድና የብረት ማጽጃ ደግሞ ፊደሉን ይፍቃሉ። የተፋቀ አይመለስም። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ ይበቃል። የእጅ ላብ ስለሚያዝገው በጠርዙ ያዙት። ሪባኑን አትጠቡ፣ ቀለሙ ይለቃል፤ ፀሐይም ያደበዝዘዋል። የፒቪሲ ፕላስቲክ ከረጢት ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ዝገት ስለሚያመጣ፣ ከአሲድ ነፃ በሆነ ወረቀት ጠቅልሎ ደረቅ ሣጥን ውስጥ ማኖር ነው።