«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ»

ይህን ተረት የምንሰማው አብዛኛውን ጊዜ መዋጮ ሲጠራ ወይም ደቦ ሲወጣ ነው። ብዙው ሰው «ተባበሩ» ማለት ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔ የምወደው ግን የመጨረሻውን ቃል ነው። ተረቱ ሸክሙ ቀለለ አላለም፤ ጌጥ ሆነ ነው ያለው።

ለምን ጌጥ? ጎንደር ላይ ጥምቀትን ያከበረ ሰው ይገባዋል። ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወረድ በእጅ የተያዘች አንዲት ሎሚ መዓዛዋም ውበቷም ሌላ ነው። ጎረምሳው ልቡ ለከጀላት ልጅ ይወረውራታል። ሃምሳውን በዘንቢል የተሸከመው ግን ላቡን ሲጠርግ ይውላል። ማን ዞር ብሎ ያየዋል?

ተረቱን ሰሞኑን ያስታወሰችኝ የአክስቴ ልጅ ናት። እዚሁ ጎንደር ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የምትሠለጥን ሐኪም ነች። ስልኳ ባላነበበቻቸው ጥናቶች ተሞልቷል። «አራት ዓይና ነኝ እንዴ፣ ይሄን ሁሉ የምችለው?» አለችኝ። አራት ዓይና በአገራችን ብሉዩን፣ ሐዲሱን፣ ሊቃውንቱንና መነኮሳቱን፣ አራቱንም ትርጓሜ ብቻውን የተሸከመ ሊቅ ነው። ስንቱ ይደርስበታል?

ፈረንጆቹም ይሄ ጣጣ ገጥሟቸው ነበር። (ዓመቶቹ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው።) የለንደኑ የሳይንስ ማኅበር፣ የሮያል ሶሳይቲ መጽሔት በ1665 ሲጀመር ሁሉን ማንበብ ይቻል ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን የሳይንስ መጽሔት በየአገሩ ፈላ። በ1830 ጀርመን ውስጥ የሌሎችን ጽሑፍ እያሳጠረ የሚያወጣ የመድኃኒትና የኬሚስትሪ መጽሔት ተጀመረ። በ1907 ደግሞ የአሜሪካ ኬሚስቶች «ኬሚካል አብስትራክትስ»ን መሠረቱ። አሠራሩ ቁርጥ የሎሚው ተረት ነበር። በጎ ፈቃደኛ ኬሚስቶች ጽሑፎቹን ተከፋፍለው ያነቡ፣ የእያንዳንዱን ፍሬ ነገር በጥቂት መስመር ይጽፉ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ወደ 12 ሺህ ማሳጠሪያ ወጣ። አንድ ኬሚስት ይሄን ሁሉ ብቻውን ሲያነብ አስቡት!

እርግጥ ማሳጠሪያ የሰው ዓይን ነው። አሳጣሪው ከሳተ አንተም አብረህ ትስታለህ።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚጥመው የሐኪሞቹ ዘዴ ነው። ሐኪሙ ዊልያም ኦስለር በ1875 ሞንትሪያል በሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ጆርናል ክለብ፣ ማለትም የሐኪሞች የንባብ ማኅበር፣ ያቋቋመው መጽሔት መግዣ ስለከበደው ነው። አዋጥተው ገዙ፣ ተዟዙረው አነበቡ። ዕቁብ በሉት።

የአክስቴ ልጅም ጆርናል ክለብ አላት። አንዱ አንብቦ ያቀርባል፣ ሌሎቹ በጥያቄ ያፋጥጡታል። የፊታችን ማክሰኞ ተራው የእሷ ነው። ከዚያ ሁሉ ክምር አንዷን መርጣ ይዛለች። ቡናዋ ቀዝቅዟል፤ ቀናም አላለች።