ፍሬርታውንን «የእንግሊዝ ስጦታ» የሚያደርጉ አመለካከቶች እና እውነታው

ኬንያ ውስጥ ከሞምባሳ ማዶ ስላለችው የቀድሞ ባሮች መንደር ፍሬርታውን ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ነገር እንደ ዳዊት ይደገማል፦ «የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ባሮቹን ከጀልባ ነጥቆ ነጻ አወጣቸው፣ መንደርም ሠራላቸው።» ለማረም ያስቸገረው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን እናንሳ (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

«የመሠረታት ባርትል ፍሬር ነው።» የዚህ የእንግሊዝ መልእክተኛ ስሙ ብቻ ነው። ኪሳውኒ በተባለው ቦታ መንደሩን ያቋቋመው በ1874 መጨረሻ የደረሰው የቸርች ሚሽነሪ ሶሳይቲ (የእንግሊዝ የሚሲዮን ማኅበር) ቄስ ዊልያም ሶልተር ፕራይስ ነው።

«ክራፕፍ ነው እንጂ።» አይደለም። ሣህለ ሥላሴ በሸዋ ነግሠው ሳሉ አንኮበር የነበረው ሚስዮናዊ ክራፕፍ የመሠረተው ሌላዋን የሚሲዮን ጣቢያ፣ ራባይን ነው፣ በ1846።

«ነዋሪዎቹ ሁሉ ማንበብ የማያውቁ ምርኮኞች ነበሩ።» ከመጀመሪያዎቹ መካከል «የቦምቤ አፍሪካውያን» የሚባሉት አሉ። በልጅነታቸው ከባሪያ ጫኝ ጀልባ ወርደው ሕንድ፣ ናሲክ አጠገብ ተምረዋል፤ አናጢነትና ቀጥቃጭነት ይዘው፣ እንግሊዝኛም እየተናገሩ ነው የመጡት። ዊልያም ጆንስና ኢሽማኤል ሴምለር በ1885 ዲቁና ተቀብለዋል።

«ሁሉንም ነጻ ያወጣው ባሕር ኃይሉ ነው።» ዋናው ስህተት ይህ ነው፤ የሚመነጨውም እንግሊዝ ጠረፉን ይገዛ ከነበረው የዛንዚባር ሱልጣን ጋር በ1873 የተዋዋለችውን ውል ሳያነቡ ከመጥቀስ ነው። ውሉ የከለከለው ባሪያ በባሕር ማጓጓዝንና የባሪያ ገበያን ነው። ባሪያ መያዝን አልነካም። ስለዚህ ጀልባ ላይ የተያዘ ሰው ነጻ ይባላል። በ1875 ቴቲስ የተባለችው የጦር መርከብ ያወረደቻቸው ወደ 270 ሰዎች እንዲህ ናቸው፤ ብዙዎቹ ያኦ፣ ማኩዋና ኒያሳ ከተባሉት ሕዝቦች ነበሩ። እዚያው ሞምባሳ አጠገብ የጌታውን እርሻ ሲቆፍር የኖረ ሰው ግን ቢኮበልል እንኳ በሕግ የጌታው ንብረት ነው፤ ሚሲዮኑም እንዲመልሰው ይጠበቅበታል።

እነዚህ ኮብላዮች፣ በስዋሂሊ ዋቶሮ የሚባሉት፣ በሌሊት በእግራቸው መጡ። ፍሬርታውን ከባሮቹ ጌቶች አፍንጫ ሥር ስለነበረች፣ ብዙዎቹ የተጠለሉት ወደ ውስጥ ገባ ባለችው ራባይ ነው፤ ያስጠጓቸውም በአብዛኛው ጆንስን የመሰሉ አፍሪካውያን የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ናቸው። በ1880 የሞምባሳ ጌቶች ፍሬርታውንን እናጠፋለን ብለው እስከ መዛት ደረሱ። በ1888 የእንግሊዝ ምሥራቅ አፍሪካ ኩባንያ ሰው ጆርጅ ማኬንዚ ሲመጣ በሚሲዮኖቹ ጣቢያዎች ወደ 1,400 ኮብላዮች ተገኙ። ወደ ጌቶቻቸው ይመለሱ ቢባል ግጭት ስለሚነሳ ካሳ ተከፈለ። ካሳውን የተቀበሉት ግን ጌቶቹ ናቸው! የነጻነት ወረቀቱ የታደለው ጃንዋሪ 1 ቀን 1889 ነው፤ ባለ ወረቀቶቹ ግን ካመለጡ ቆይተዋል። በኬንያ ጠረፍ ባርነት ከሕግ የተሰረዘው ገና በ1907 ነው።

«ከገቡ በኋላስ እንደ ልባቸው ኖሩ።» የመንደሩ ኃላፊ የነበረው ስትሪተር ነዋሪዎችን ያስገርፍና ያስር ነበር፤ በ1881 ምርመራ ተደርጎበት ተነሳ።

የመንደሯን ወይም የቤተሰብ ታሪክ የምትጽፉ፣ «ነጻ የወጡ ባሮች» ብላችሁ በጅምላ አትለፉ። በየትኛው መንገድ ገቡ? ከሕንድ ነው፣ ከጦር መርከብ ነው፣ ወይስ በእግር ኮብልለው? ሦስቱን ስትለዩ ነው የትኛው ውል፣ የትኛው ወረቀትና የትኛው ዓመት እንደሚመለከታቸው የሚታወቀው። የኮብላይ ልጅ ልጅ አያቱን በመርከብ ዝርዝር ውስጥ ቢፈልግ አያገኛቸውም።